ፀሐይ የምታወጣው ውሃ

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ የአንድ ግቢ ጓሮ፣ ማለዳ። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ የጣውላ ሳጥን፣ ከላይ መስታወት ተከድኖበታል። ካሜራው ወደ መስታወቱ ይጠጋል።]

ይቺን ጠብታ ተመልከቷት። በመስታወቱ ሆድ ቁልቁል እየተንሸራተተች ነው። መንገድ ላይ ሌላ ጠብታ አገኘች፣ ተዋሃዱ፣ ፍጥነት ጨመረች። አሁን አሸንዳው ውስጥ ገባች። ትናንት ማታ እዚህ ሳጥን ውስጥ፣ ጨው በሞላበት ድፍርስ ውሃ መካከል ነበረች። አሁን ጨውም ጭቃም የላትም።

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምንሠራው በፀሐይ ብቻ የሚሠራ የውሃ ማንጠሪያ ነው። ማጣሪያ እንዳላልኩ ልብ በሉልኝ። ማጣሪያ ውሃውን በጨርቅ ወይም በአሸዋ ያሳልፍና ቆሻሻውን ይይዛል። የሟሟ ጨው ግን ከውሃው ጋር አብሮ ሹልክ ይላል። ማንጠሪያ ውሃውን ራሱን ከቆሻሻው መሀል አስነስቶ ይወስደዋል፣ ቆሻሻው ባለበት ይቀራል።

[ምስል፦ የአረቄ ማውጫ። እሳት ላይ የተጣደ እንስራ፣ ከአፉ የወጣ ሸምበቆ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ።]

ሳጥኑን መጀመሪያ ስገጣጥም አንዲት ጎረቤታችን በአጥር በኩል ያዩኝ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አረቄ ሲያወጡ የኖሩ እናት ናቸው። «ምንድን ነው የምትሠራው ልጄ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ውሃ ነው፣ በፀሐይ ይተንና…» ብዬ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ላወርድላቸው ስል አላስጨረሱኝም። «ታዲያ አረቄ ነዋ! እሳቱ ብቻ ነው የጎደለው።»

እኔ በሦስት ገጽ የጻፍኩትን በአንድ አፍ ጨረሱት። እውነታቸውን ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል፣ በሸምበቆው ይሄዳል፣ ቀዝቃዛው መቀበያ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። አተላው እንስራው ውስጥ ይቀራል። እዚህም እንደዚያው ነው። ድፍድፉ ጨዋማው ውሃ፣ እሳቱ ፀሐይ፣ ቀዝቃዛው መቀበያ ደግሞ መስታወቱ ነው። መስታወቱን የሚያቀዘቅዘው የደብረ ብርሃን ነፋስ ስለሆነ፣ እንደ አረቄው ውሃ መቀየር አያስፈልግም።

ከእሳቸው የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። አረቄ የሚወጣው አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚነሳ ነው። ይህን ወደ እኛ ሳጥን አምጡት። የምታነጥሩት ውሃ ውስጥ እንደ አልኮል ቶሎ የሚተን ነገር ካለ፣ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ወጥቶ ብርጭቆአችሁ ውስጥ ይገባል። ቤንዚንና ናፍጣ፣ አንዳንድ የተባይ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ጋራዥ ሥር ካለ ጉድጓድ፣ ወይም መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ከሚወርድ ቦይ የተቀዳ ውሃ እዚህ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጨው፣ ፍሎራይድ፣ ጭቃና አብዛኛው ጀርም ግን አይነሱም።

[ምስል፦ ከምንጃር አናት ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚታይ ሜዳ።]

ታዲያ ለማን ነው የሚጠቅመው? እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ይሠራውና በኋላ ይናደዳል።

የእናንተ ችግር ጀርም ብቻ ከሆነ፣ ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ከብት የሚገባበት ከሆነ፣ ይህን ሳጥን አትሥሩ። ውሃውን አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። እሱም ከሌለ፣ ንጹሕና ድፍርስ ያልሆነ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ ቆርቆሮ ላይ አጋድማችሁ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት አቆዩት። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይቆይ። ሣጥን ከመገጣጠም ይህ ይቀላል።

ችግሩ የሟሟ ነገር ሲሆን ነው ታሪኩ የሚለወጠው። ከሰሜን ሸዋ ደጋ ተነስታችሁ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ፣ ወደ መተሐራና ወደ በሰቃ ሐይቅ አቅጣጫ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ልጅ ጥርስ በሚያበቅልበት ዕድሜ ይህን ውሃ ሲጠጣ ካደገ ጥርሱ ይበልዛል። መጠኑ ከፍ ብሎ ዘመን ሲቆጥር ደግሞ አጥንት ይይዛል፣ ወገብና ጉልበት አልታጠፍ ይላል።

ይህን ውሃ ማፍላት መፍትሔ ይመስላል። አይደለም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ስታፈሉት ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፣ የቀረው ውሃ ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። ማንጠር ግን ፍሎራይዱን ከታች ትቶት ይሄዳል።

[ምስል፦ ሳፋ፣ ሲኒ፣ ላስቲክ፣ ጠጠር፣ ጨው።]

ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት በሳፋ ሞክሩት። ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ጨምሩ፣ ጨውም እፍኝ ጨምሩበት፣ ከፈለጋችሁ ቀይ አፈርም በጥብጡበት። መሀሉ ላይ ባዶ ሲኒ አስቀምጡ። ሲኒው እንዳይንሳፈፍ ታጥቦ የነጻ ጠጠር ውስጡ አድርጉ። ሳፋውን በንጹሕ ላስቲክ ሸፍናችሁ ጠርዙን በገመድ ጠፍሩ። ከዚያ ላስቲኩ ላይ፣ ልክ ከሲኒው በላይ፣ ትንሽ ድንጋይ ጣሉ፣ ላስቲኩ ወደ መሀል ይጎብጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተዉት።

ማታ ስትከፍቱት ሲኒው ውስጥ ውሃ ታገኛላችሁ። ቅመሱት። ጨው የለውም። እትዬ ይህን ሲኒ ተቀብለው ቀምሰው፣ «ሆ! ምንም አይልም» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

በነገራችን ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በላስቲክ ሸፍኖ ውሃ ማውጣት የሚባለው፣ ለበረሃ መንገደኛ የሚመከረው ነገር፣ ከዚሁ ከሳፋው ጋር አንድ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ሬይ ጃክሰንና ኮርኔሊስ ቫን ባቬል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ግብርና ተመራማሪዎች ጽፈውበት ነው ስሙ የገነነው። ይሠራል፣ ግን ደረቅ አፈር ከሆነ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ጉድጓዱን ስትቆፍሩ የምታልቡት ላብ ከምታገኙት ውሃ ሊበልጥ ይችላል።

[ምስል፦ ወረቀት ላይ የሳጥኑ ንድፍ፣ ከጎን የታየ።]

አሁን ወደ ሳጥኑ። የኔው ከውስጥ፣ የውሃው ትሪ የሚያርፍበት ቦታ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ነው። ከትሪው ወለል ወደ ላይ ሲለካ የፊቱ ግድግዳ ቁመት 12 ሳንቲሜትር፣ የኋላው 39። ይህ ልዩነት መስታወቱን 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል። ቁጥሩን ዝም ብዬ አላመጣሁትም፣ በኪሳራ ነው ያገኘሁት።

የመጀመሪያ ሳጥኔን የሠራሁት መስታወቱ ጠፍጣፋ ቢሆን ፀሐይ በደንብ ይገባዋል ብዬ ነበር። የኛ አካባቢ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቅ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነች ብዬ አሰብኩ። ስለ ብርሃኑ ልክ ነበርኩ። ኋላውን ከፊቱ 9 ሳንቲሜትር ብቻ አስበለጥኩት። በመጀመሪያው ቀን መስታወቱ በጠብታ ተሞላ፣ እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም። ማታ ጀሪካኑን ሳየው ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አልሞላም። በማግስቱ ተንበርክኬ ከታች ወደ ላይ ስመለከት ነገሩ ገባኝ። ጠብታዎቹ እዚያው መስታወቱ ላይ እየወፈሩ፣ መንሸራተት አቅቷቸው፣ ጠብ ጠብ እያሉ ወደ መጡበት ጨዋማ ውሃ ይመለሱ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዱን ውሃ ሲያመላልስ ነው የዋለው።

ሁለተኛው ጥፋቴ መስታወቱን አለማጠቤ ነው። ከቆራጭ ቤት የመጣ መስታወት ቅባት አለው። ቅባት ካለው ውሃው ኳስ ኳስ እየሠራ ይቆማል። በሳሙናና በተነፋ አመድ ፈትጋችሁ በደንብ ስታለቀልቁት ግን ውሃው ተዘርግቶ እንደ ስስ ሻሽ ይወርዳል። ላስቲክ ከመስታወት የሚያንሰው አንዱም በዚህ ነው፣ ውሃ ላዩ ላይ አይዘረጋም።

[ምስል፦ እጆች፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ትሪ፣ ጭድ።]

ውሃውን የሚይዘው ትሪ ከአይዝጌ ብረት ላሜራ ነው፣ በያጅ ቤት ወስጄ ጠርዙን 5 ሳንቲሜትር ወደ ላይ አሳጥፌዋለሁ። የቆርቆሮ ቁራጭ አትጠቀሙ፣ በእርሳስ የተበየደ ነገር ደግሞ ጨርሶ። የትሪውን ውስጥ ጥቁር ሙቀት የሚችል ቀለም ቀቡት። ቀብታችሁ ወዲያው ውሃ አትጨምሩ። ቀለሙ ፀሐይ ላይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይብሰል፣ ሽታው እስኪጠፋ። ከዚያም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚወጣውን ውሃ ድፉት፣ ወይም ለአበባ ስጡት።

ከትሪው ሥርና በዙሪያው፣ በትሪውና በጣውላው መሀል፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁ። በኛ ደጋ ይህ ቀልድ አይደለም። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋሱም ቀን ሙሉ የሰበሰባችሁትን ሙቀት ከሥር ይሰርቃል። ጭዱ እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልሉት። ረጥቦ የሻገተ ጭድ ምን እንደሚሸት ለናንተ አልነግራችሁም።

አሸንዳው ግማሹ ተሰንጥቆ የተከፈተ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። በመስታወቱ ዝቅተኛ ጠርዝ ሥር፣ በአንድ በኩል ትንሽ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፣ ከጫፉ ቀጭን ጎማ ወጥቶ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። የጎማው አፍ በጀሪካኑ ክዳን በኩል ይግባ፣ ክፍት አይሁን፤ ትንኝም አቧራም ይወደዋል። ሳጥኑን ስታስቀምጡ ውሃ ልክ ተጠቀሙ፣ ትሪው ካዘነበለ በአንድ በኩል ደርቆ በሌላው ይሞላል።

መስታወቱ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ለብቻችሁ አታንሱት። በሳጥኑ ጎን ውሃ መጨመሪያና ትርፍ ማውጫ ጎማ ካስገባችሁ በኋላ ዙሪያውን በሲሊኮን መርጉት። አረቄ አውጪ ሁሉ የምርጊትን ነገር ያውቃል። ትንሽ ቀዳዳ ካለ እንፋሎቱ በዚያ ይሄዳል፣ እናንተ ከባዶ ጀሪካን ጋር ትቀራላችሁ። ዝንባሌው ወደ ደቡብ ይመልከት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ሰማያችን በሚጠራበት ጊዜ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው።

ውሃው ጥልቅ አይሁን። 2 ሳንቲሜትር ይበቃል፣ ይህም ለኔ ትሪ 20 ሊትር ገደማ ነው። ብዙ ውሃ ለመሞቅ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

[ምስል፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከጎኑ አንድ ሊትር ውሃ።]

ስንት ይሰጣል? አንድ ሊትር ሙቅ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይጠይቃል። የእንጀራ ምጣድ በሙሉ ኃይሉ ለ11 ደቂቃ ያህል የሚበላው ማለት ነው። በኛ አገር ጠራራ ቀን አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁሉም ውሃ ላይ ቢውል 8 ሊትር በወጣ ነበር። ግን መስታወቱ ጥቂቱን መልሶ ይገፋዋል፣ ሳጥኑ ይሞቃል፣ አየሩም ይወስዳል። የሚተርፈው አንድ ሦስተኛ ግድም፣ ቢበዛ ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ በካሬ ሜትር 3 ሊትር፣ እንደ ቀኑ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ።

የኔ ሳጥን ደብረ ብርሃን ላይ፣ ኅዳር ውስጥ፣ 2.2 ሊትር ሰጥቶኛል። በመጋቢት ሳጥኑን ጭኜ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 መሆኑ ነው። ዘመዶቼ ግቢ ውስጥ ባስቀመጥኩት በሁለተኛው ቀን 3.4 ሊትር ወጣ። መጀመሪያ ላይ ደጋው ይሻላል ብዬ ነበር፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ይከረክራል፣ ውሃም እዚህ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ግን በዚህ ሳጥን ውስጥ ውሃው ጨርሶ አይፈላም። ሳይፈላ ነው የሚተነው። ስለዚህ የቆላው ሞቃት አየር ማታም ጭምር ሳጥኑን ሞቅ አድርጎ ስለሚያቆየው ቆላው አሸነፈ። ፀሐይ ከገባች በኋላም ለሁለት ሦስት ሰዓት ጠብታ ሲወርድ ያያችሁት እንደሆነ አትገረሙ። ውሃው ገና ለብ ያለ ነው፣ መስታወቱ ግን ቀዝቅዟል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1872 እ.ኤ.አ. በቺሊ በረሃ ላስ ሳሊናስ በሚባል ቦታ ቻርልስ ዊልሰን የሚባል መሐንዲስ ለማዕድን ማውጫ ሠራተኞችና ለበቅሎዎቻቸው የጣውላና የመስታወት ማንጠሪያ ሠርቶ ነበር። ስፋቱ ከ4,000 ካሬ ሜትር ይበልጣል፣ በቀን ከ20,000 ሊትር በላይ ያወጣ ነበር። ለየካሬ ሜትሩ ብታካፍሉት 5 ሊትር ገደማ ይሆናል፣ እኔ ሸዋ ሮቢት ካገኘሁት ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ሰው ብዙ ነገር ፈጥሯል፣ ፀሐዩ ግን ያው ነው።

[ምስል፦ ዝናብ። የቆርቆሮ ጣሪያ አሸንዳ ወደ በርሜል ሲያወርድ።]

አንድ ደስ የማይል ሒሳብ ልንገራችሁ። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ አላችሁ እንበል። አንድ ቀን ማታ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ዘነበ። በጣሪያው ላይ 400 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። የኔ ሳጥን ያንን ለማውጣት ከአራት ወር በላይ ይፈልጋል። የዝናብ ውሃ ደግሞ ጨውም ፍሎራይድም የለበትም። በክረምት በርሜል ያላስቀመጠ ሰው በበጋ ማንጠሪያ ሠራሁ ቢለኝ ልቤ ግማሽ በግማሽ ነው። ሳጥኑ የሚያገለግለው በርሜሉ ካለቀ በኋላ፣ ለሚጠጣው ውሃ ብቻ ነው። ለልብስ ማጠቢያና ለከብት ጨዋማው ውሃ ከቻላችሁት ይዋል። ሁለት ሳጥን ካላችሁ ለሁለት ሰው የሚጠጣ ውሃ ይወጣል።

[ምስል፦ እንስራ በወይራ ጭስ ሲታጠን።]

ጣዕሙን በተመለከተ እትዬ ልክ ነበሩ፣ «ምንም አይልም»። ጨውና አየር ስለሌለው ውሃው ሙት ነው። ሁለት ጊዜ ከዕቃ ዕቃ ብታገላብጡት ይሻሻላል። እሳቸው ግን በራሳቸው መንገድ አደረጉት። እንስራቸውን በወይራ አጥነው ከኔ 2 ሊትር ወስደው ሞሉበት፣ በማግስቱ ጠርተው አንድ ብርጭቆ ሰጡኝ። የወይራው ሽታ አፍንጫ ላይ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ከምንጭ ውሃ ማን ይለየዋል? ንጥር ውሃ ብቻውን ማዕድን የለውም ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ከምንበላው ጤፍና ሽሮ የምናገኘው ከውሃ ከምናገኘው ይበልጣል።

ውሃው ንጹሕ ወጥቶ ከቆሸሸ ዕቃ ጋር ከተገናኘ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አሸንዳውንና ጎማውን በየሳምንቱ ፈትታችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡ። ጀሪካኑ አፈ ጠባብ ይሁን፣ ኩባያ የሚነከርበት አይሁን።

ትሪውም ጥገና ይፈልጋል። ውሃው ሲሄድ ጨው ይቀራል፣ ካልጠረጋችሁት በሁለት ሳምንት ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ጥቁሩ ነጭ ሲሆን ደግሞ ፀሐይ አይጠጣም። ስለዚህ በየጠዋቱ ካገኛችሁት ሁለት እጥፍ ውሃ ጨምሩ። ትናንት 3 ሊትር ከወጣ፣ ዛሬ 6 ጨምሩ። ትርፉ በጎን ባለው መውጫ ጎማ ሲፈስ ጨውን ይዞት ይሄዳል። የሚፈሰውን ከአትክልት ሥር አርቃችሁ ድፉት።

[ምስል፦ ያው ጓሮ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። እትዬ ሳጥኑ አጠገብ ቆመዋል፣ ጎንበስ ብለው በመስታወቱ ያያሉ።]

እትዬ አሁን በየቀኑ ከቡና በኋላ ይመጣሉ። ትናንት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ «ልጄ፣ ይህንን የወጣውን ውሃ መልሰህ ብትከተው ዳግም ይሆናል?» አሉኝ። ዳግም ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ ነው፣ ኃይለኛው። «ውሃ ከሆነ በኋላማ ያው ውሃ ነው እትዬ» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያማ አንደኛውን አምጣው» ብለው ብርጭቆአቸውን ዘረጉ።